በባዶ እግር መኖር፦ አጀማመሩ፣ ደስታውና ጥንቃቄው

ጫማችሁን አውልቁ። ካልሲውንም ጭምር። አሁን ወለሉ ላይ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ለግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም አታድርጉ። ወለሉ ይቀዘቅዛል? ይሻክራል? አቧራ አለው? ክብደታችሁ ያረፈው ተረከዛችሁ ላይ ነው ወይስ ወደ ጣቶቻችሁ አዘንብሏል? የበለጠውን የተሸከመው ቀኝ እግራችሁ ነው ወይስ ግራው?

ይህን ተጠይቆ ወዲያው የሚመልስ ሰው ጥቂት ነው። እግራችን ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚውል የሚነግረንን መስማት ትተናል። በባዶ እግር መሄድን የምወድበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፤ የረገጥኩትን መሬት አውቀዋለሁ። የጡንቻው መጠንከር፣ የእግሩ መናፈስ፣ ሌላው ጥቅም ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጫማ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። እኔም ጫማ አለኝ፣ ሲያስፈልግም አደርጋለሁ። ጫማ ግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ ወደ ታች ስትወርዱ በዝርዝር ታገኟቸዋላችሁ፤ እባካችሁ እሱን ክፍል አትዝለሉት። ግን ከአልጋ ወርዶ ተመልሶ አልጋ እስኪወጣ ድረስ እግሩ መሬት የማይነካ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

እግር ምን ይዟል?

አንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶችና 33 መጋጠሚያዎች አሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 52 አጥንት ይሆናል። የአንድ አዋቂ ሰው አጥንት በጠቅላላው 206 ነው፤ ስለዚህ ከአራት አጥንታችን አንዱ የሚገኘው ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ታች ነው። ይህ ሁሉ መጋጠሚያ የተሠራው እንዲታጠፍ፣ እንዲዘረጋ፣ ከመሬቱ ቅርጽ ጋር እንዲስማማ ነው። ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ሲደረግ ግን አብዛኛው ሥራ ፈቶ ይውላል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ ይደክማል።

የውስጥ እግር ቆዳም የተለየ ነው። ወፍራም ነው፣ ፀጉር አያበቅልም፣ ላብ በብዛት ያመነጫል፣ ግፊትንና ንዝረትን የሚለዩ ነርቮች ሞልተውበታል። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በአይናችንና በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ነርቮች በሚመጣ መልእክት ጭምር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግልጽ ልሁን። በባዶ እግር መሬት መርገጥ የመሬትን ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት ያስገባል፣ እንዲህና እንዲያ ያለ በሽታ ይፈውሳል የሚባል ወሬ በየቦታው ይናፈሳል። ለዚህ በቂ ማስረጃ የለም። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒታችሁን ውሰዱ። በባዶ እግር መሄድ ለመወደድ እንዲህ ያለ ተስፋ አያስፈልገውም።

ቤት ውስጥ ጀምሩ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ውስጥ ብቻ አሳልፉ። ለአመታት ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ላይ የኖረ ሰው የባቱ ጡንቻና የተረከዙ ጅማት አጥሮ ሊሆን ይችላል። ድንገት ጫማውን ጥሎ ቀኑን ሙሉ ጠንካራ ወለል ላይ ሲመላለስ ቢውል ማታ ባቱ ይቆስልበታል፣ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ተረከዙን ይወጋዋል። እንዲያውም አጉል ከተቸኮለ የእግር አጥንት እስከ መሰንጠቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጀምሩና ሰውነታችሁ ሲለምድ ጨምሩ። ትንሽ የመዛል ስሜት ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የሚወጋ፣ በማግስቱም የማይለቅ ሕመም ግን ቁሙ ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ ጣቶቻችሁን አሠሩ። ወለል ላይ ፎጣ አንጥፉና በጣቶቻችሁ ብቻ እየሰበሰባችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱት። አውራ ጣታችሁን ብቻ አንስታችሁ ሌሎቹን መሬት ላይ ለማስቀረት ሞክሩ፤ ከዚያ ተቃራኒውን። መጀመሪያ ላይ ጣቶቹ የሌላ ሰው ይመስል አይታዘዙም። ጥርስ ስትቦርሹ በአንድ እግር መቆምም ጥሩ ልምምድ ነው፤ ቁርጭምጭሚታችሁ አካባቢ የሚሠሩት ትንንሽ ጡንቻዎች እንዴት ሽር ጉድ እንደሚሉ ይሰማችኋል።

ቤቱን ጥረጉ። የቤት ውስጥ አደጋ ብዙውን ጊዜ ስብርባሪ ነው፤ መርፌ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የወደቀ የወረቀት ማያያዣ። ብርጭቆ ከተሰበረ በመጥረጊያ ብቻ አትተማመኑ። ትልልቁን ከለቀማችሁና ከጠረጋችሁ በኋላ መብራቱን አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ አብሩት። ብርሃኑ በጎን ሲሄድ ከላይ ስታዩት ያልታያችሁ ስብርባሪ ሁሉ ብልጭ ብልጭ ይላል። እሱን በረጠበ ወረቀት እየተጫናችሁ አንሱት፤ ወረቀቱን ሁለተኛ አትጠቀሙበት።

ሌላው የቤት ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ቆሞ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የውሃ ማሞቂያ ወይም የተላጠ ገመድ መንካት ከጫማ ጋር ከመንካት በጣም የከፋ ነው፤ እርጥብ ባዶ እግር ኤሌክትሪኩ በሰውነታችሁ አልፎ ወደ መሬት የሚወርድበት ቀላል መንገድ ነው። ወለሉን አድርቁ ወይም ጎማ ጫማ አድርጉ።

ውጪ ሲወጣ፣ የእግር አረጋገጥ

ጫማ ያደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ተረከዙን ዱብ ያደርጋል። ሶሉ ይሸከምለታላ! በባዶ እግር ያንኑ ብታደርጉ ግን ድንጋጤው እስከ ጉልበታችሁ ይሰማችኋል። የሚሻለው እርምጃን ማሳጠር ነው። እግራችሁ ብዙ ከፊታችሁ ሳይሆን ከሰውነታችሁ ሥር ይረፍ። ጉልበታችሁ ላላ ይበል። ተረከዝ ቀድሞ ቢነካም ችግር የለውም፣ ብቻ በቀስታ ይንካ። እግራችሁን አንስታችሁ አሳርፉት እንጂ አትጎትቱት፤ ቆዳ የሚላጠውና ጣት ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው ብዙውን ጊዜ ሲጎተት ነው። አይናችሁን ደግሞ ከሦስትና አራት እርምጃ ወደፊት ጣሉት። እግራችሁን እያያችሁ አትሂዱ፤ አንገታችሁ ይታመማል፣ የሚመጣውንም አታዩም።

መሬቱን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ምረጡ። ብዙ ሰው ሳር ይሻላል ብሎ ይጀምራል። ሳር ደስ ይላል፣ በተለይ ጠዋት ጤዛ ሲኖረው፤ ግን ሳር ይደብቃል። እሾህም፣ ንብም፣ የተጣለ ቆርኪም ሳሩ ውስጥ አይታይም። እንደኔ ከሆነ ለጀማሪ የሚሻለው የተጠረገ ለስላሳ ኮንክሪት ወይም የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ነው። ጠንካራ ቢሆንም ምን እንዳለበት በግልጽ ይታያል፣ ጠንካራነቱም ቀስ ብላችሁ እንድትረግጡ ያስተምራችኋል። ከዚያ አፈር፣ ከዚያ ሳር፣ ከዚያ አሸዋ። ደረቅ አሸዋ ባትን ያደክማል፤ ውሃ የነካው ጠፍጣፋ አሸዋ ግን በጣም ምቹ ነው።

ኮረት የሁሉም ፈተና ነው። ኮረት ላይ የሚወጋችሁ ክብደታችሁ በአንዲት ጠጠር ጫፍ ላይ ሲያርፍ ነው። መላው ውስጥ እግራችሁ በአንዴ ጠፍጠፍ ብሎ ካረፈ ግን ክብደቱ በብዙ ጠጠሮች ላይ ይከፋፈላል። እግራችሁን ዘና አድርጉት፤ የተወጠረ እግር ጠጠሩን ይገፋዋል፣ ዘና ያለ እግር ደግሞ ዙሪያውን ይቀበለዋል። ጠጠር ሲወጋችሁ ጉልበታችሁን ወዲያው አጠፍ አድርጋችሁ ክብደቱን ወደ ሌላኛው እግር አሻግሩት። ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ከወጣ፣ ትንፋሻችሁን ከያዛችሁ፣ እግራችሁም ተወጥሯል ማለት ነው። ተንፍሱ። አሥር እርምጃ በቂ ነው፤ ነገ ደግሞ ትጨምራላችሁ። ኮረት ላይ መሄድ ሲቻል ሌላው መሬት ሁሉ ምንጣፍ ይሆናል።

ደስታው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። አስፋልቱ ከመንገዱ ዳር ይልቅ መሃሉ ላይ ለስለስ እንደሚል፣ የዛፍ ጥላ ሥር ስትገቡ መሬቱ ገና ከአንድ እርምጃ በፊት እንደሚቀዘቅዝ፣ ዝናብ ያባራበት ጭቃ በጣቶቻችሁ መሃል ብቅ ሲል እንዴት እንደሚያስቅ፣ የሞቀ ድንጋይ ላይ አመሻሽ ላይ መቆም ምን ያህል እንደሚያዝናና። ሁልጊዜ የምትሄዱበት መንገድ አዲስ ይሆንባችኋል። እርምጃችሁም ይቀንሳል፣ ሐሳባችሁም አብሮ ይሰበሰባል፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ስልኩን እያየ መሄድ አይችልማ።

ቆዳው ይሻክርብኛል ወይ?

ይወፍራል እንጂ የግድ አይሻክርም። ዘወትር በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ውስጥ እግሩ መጅ ያወጣል፣ ግን ጤናማው መጅ ለስለስ ያለና እንደ ልብ የሚታጠፍ ነው። ደርቆ የሚሰነጠቀው ተረከዝ እንክብካቤ ያጣ ነው።

መጅ ሲወጣ ስሜት ይጠፋል ብለው የሚሰጉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ መርምሯል። ተመራማሪዎቹ በኬንያ በባዶ እግራቸው የሚሄዱና ጫማ የሚያደርጉ ሰዎችን አወዳድረው የመጁ መወፈር የእግርን ስሜት እንደማይቀንስ አገኙ። ቆዳው ይከላከላል፣ መልእክቱም ያልፋል። ወፍራም ሶል ግን መከላከሉን ይከላከላል፣ መልእክቱን ግን ያደበዝዘዋል።

ጫማ ግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ጫማ ማውለቅ ምርጫ የሚሆነው ጫማ ላለው ሰው ነው። በዓለም ላይ ጫማ መግዣ አጥተው በባዶ እግራቸው የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በዚሁ ምክንያት ይታመማሉ። ስለ ደስታው የሚጽፍ ሰው ይህን ካልተናገረ ግማሹን ደብቋል።

መጀመሪያ ዝሆኔ። ትንኝ ከሚያስተላልፈው ዝሆኔ ሌላ፣ ከአፈር የሚመጣ የእግር ማበጥ አለ፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። የሚከሰተው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛባቸው ሞቃታማ አገሮች ደጋማ ቦታዎች ነው። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በውስጥ እግር ቆዳ ይገባና ለብዙ አመታት እየተጠራቀመ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ይጎዳል። በዘር የተጋለጡ ሰዎችን ነው በብዛት የሚይዘው። ተላላፊ አይደለም፤ ይህንን ደግሜ ልናገር፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ምልክቱ መጀመሪያ ላይ የእግር ማሳከክና ማቃጠል፣ ሌሊት የሚጎድል ቀን ተመልሶ የሚመጣ እብጠት ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የምትኖሩ ወይም የምታርሱ ከሆነ፣ በተለይ በቤተሰብ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ ውጪ ላይ ጫማ አድርጉ። ልጆቻችሁንም አድርጓቸው። የባዶ እግር ደስታችሁን ቤት ውስጥ አግኙት።

ሁለተኛው ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ነው። እንቁላሉ ከሰው ዐይነ ምድር ጋር መሬት ላይ ይወድቃል፣ ሞቅ ያለና እርጥብ አፈር ላይ ይፈለፈላል፣ እጩ ትሉም የእግርን ቆዳ ዘልቆ ይገባል። በደም አድርጎ ሳንባ ይደርሳል፣ ወደ ጉሮሮ ይወጣና ተውጦ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ውጤቱ ደም ማነስ ነው። ሰዎች ሜዳ ላይ በሚጸዳዱበት አካባቢ፣ ወይም የሰው ዐይነ ምድር ለማዳበሪያ በሚውልበት ማሳ ጫማ ሳታደርጉ አትርገጡ። የውሻና የድመት ተመሳሳይ ትልም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሰው አንጀት ውስጥ አይደርስም፣ ግን ቆዳ ሥር እየዞረ የሚያሳክክ ቀይ ጠመዝማዛ መስመር ይሠራል። ሙጀሌ ባለበት ደረቅ አቧራማ ቦታም እንዲሁ፤ ጥፍራችሁ ዳር የሚያሳክክ መሃሉ ጥቁር ነጥብ ያለው እብጠት ካያችሁ ቶሎ አስወጡት።

ሦስተኛው ሙቀት። ፀሐይ የመታው አስፋልት አየሩ ከሚያሳየው ሙቀት በጣም ይበልጣል፤ በጣም ሞቃት ቀን ላይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ይህ በጥቂት ጊዜ ቆዳ ያቃጥላል። ከመውጣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አምስት ሰከንድ አሳርፉ። መቋቋም ካቃታችሁ እግራችሁም አይችለውም። የብረት ክዳኖች ከአስፋልትም ይብሳሉ። መንገድ ላይ የተቀባው ነጭ ቀለም ከጥቁሩ ይቀዘቅዛል፣ ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል።

ብርድም በራሱ መንገድ ተንኮለኛ ነው፤ ያደነዝዛልና። የደነዘዘ እግር ሲቆረጥም አይሰማም። ቅዝቃዜው ወደ መደንዘዝ ሲለወጥ በቃ፣ ወደ ቤት። እርጥብ ብርድ ከደረቅ ብርድ ይከፋል።

ከዚህ ሌላ በግንባታ ቦታ፣ በፋብሪካ፣ በላቦራቶሪ፣ ትልቅ ማብሰያ ቤት ውስጥ ባዶ እግር የሚባል ነገር የለም። ረጅም ሳር ውስጥና ሌሊት መብራት በሌለበትም እንዲሁ፤ እባብና ጊንጥ አይታዩም። የጋራ ሻወርና የመዋኛ ገንዳ ልብስ መቀየሪያ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጉ፤ የእግር ፈንገስ የሚወደው ሞቅ ያለ እርጥብ ወለል ነው።

ሰዉም ይለያያል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በባዶ እግሩ መሄድ የለበትም፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ የደም ዝውውሩንም ያዳክማል፤ ሳይሰማ የተቆረጠ ትንሽ ቁስል እግር እስከ ማጣት ያደርሳል። የስጋ ደዌ የነርቭ ስሜቱን የወሰደበት፣ የደም ዝውውሩ የደከመ፣ እግሩ ላይ ያልዳነ ቁስል ያለበትም እንደዚያው። እግራችሁ ላይ ቋሚ ሕመም ካለ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ሲወጋችሁ

መወጋት አይቀርም። አብዛኛው ቀላል ነው፣ ምክንያቱም በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው በቀስታ ስለሚረግጥ እሾኹ ሳይጠልቅ ይሰማዋል።

እሾህ ሲገባ መጀመሪያ ቁሙ፤ ሁለተኛ እርምጃ አትራመዱበት፣ ይሰበራል። ቁጭ በሉና እግራችሁን በተቃራኒው ጉልበት ላይ አስቀምጡት። ጫፉ ወደ ውጪ ካለ በወረንጦ ያዙትና በገባበት አቅጣጫ፣ እንዳጋደለ ወደ ውጪ ሳቡት። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ይሰብረዋል። ቆዳ ሥር ከተቀበረ እግራችሁን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ መርፌና ወረንጦውን በአልኮል ጥረጉ፣ ጥሩ ብርሃን ፈልጉ። መርፌውን ወደ ውስጥ አትውጉ፤ በአግድም አስገብታችሁ እሾኹ ላይ ያለውን የላይኛውን ቆዳ ብቻ ግለጡት፣ ራሱ ጫፉን ያሳያችኋል። በጣት መጭመቅ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ተዉት። ከወጣ በኋላ በድጋሚ ታጥባችሁ አድርቁና ሸፍኑት።

ሚስማር ከሆነ፣ ወይም ጠልቆ ከገባ ግን በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምክንያቱ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ነው። ተህዋሲው አፈር ውስጥ ይኖራል፣ አየር የማይገባበት ጠባብና ጥልቅ ቁስል ደግሞ ይመቸዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ልምምድ በፊት የቴታነስ ክትባታችሁን አስተካክሉ። ማጠናከሪያው በየ10 ዓመቱ ነው፤ ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ቁስል ሲያጋጥም ግን ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ ይደገማል። ቁስሉ ዙሪያ ቅላትና ሙቀት እየሰፋ ከሄደ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ወይም ከተኮሳችሁ ነገ ብላችሁ አታሳድሩት።

ስለ ሩጫ ትንሽ

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ሁሉም ይህንን ያነሳል። የሚረሳው ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከዚያም ፈጥኖ ማሸነፉ ነው። ሁለቱም ጊዜ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። ስለዚህ ባዶ እግር ብቻውን ፈጣን አያደርግም፣ ጫማም ብቻውን አያደርግም።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በእግራቸው ፊተኛው ወይም መካከለኛው ክፍል እንደሚያርፉ፣ በዚህም ተረከዝን ከሚመታው ድንገተኛ ድንጋጤ እንደሚድኑ አሳይተዋል። ያ ድንጋጤ ግን ጠፍቶ አይቀርም፣ ሥራው ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይዛወራል። ለዚህ ነው ጀማሪ ሯጭ መጀመሪያ ለወራት በባዶ እግሩ ተራምዶ፣ ከዚያ በሩጫው መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ጨምሮ የሚሞክረው።

ሰው ምን ይላል?

ይላል። ባዶ እግር ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ችግር ነው፤ ሰው ደንግጦ "ምን ሆነህ ነው?" ወይም "ጫማሽ ተሰረቀ?" ቢል አትቆጡ፣ አዝኖላችሁ ነው። "ደስ ስለሚለኝ ነው" በቂ መልስ ነው። ቀላል ነጠላ ጫማ ቦርሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ሱቅ ወይም ቢሮ ገብታችሁ ጫማ አድርጉ ከተባላችሁ አድርጉ፤ ቤቱ የእነሱ ነው። በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ፣ ሰው በሚከበርበት ቦታ ደግሞ ትኩረቱን ወደ እግራችሁ አትሳቡት።

መኪና በባዶ እግር መንዳትን በተመለከተ የየአገሩ ሕግ ይለያያልና የሚኖሩበትን አገር ሕግ እዩ። ከነዳችሁ እግራችሁ ደረቅ ይሁን፣ ያወለቃችሁትን ጫማ ደግሞ ፔዳሉ ሥር እንዳይገባ ከኋላ ወንበር አስቀምጡት።

ሕፃናት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። መራመድ የሚማር ልጅ ንጹሕና ሞቅ ያለ ወለል ላይ ባዶ እግሩን ቢሆን ጣቶቹ መሬቱን ቆንጠጥ አድርገው ሚዛኑን ይጠብቁለታል። ጫማው የሚያስፈልገው ውጪ ላይ፣ ለብርድና ለቆሻሻ ነው።

የማታ እንክብካቤ

በየማታው እግራችሁን በለብታ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ማድረቅ፣ በተለይ በጣቶቹ መሃል። ፈንገስ የሚጀምረው እዚያ ነው። ስታደርቁ ውስጥ እግራችሁን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ማየት ካስቸገረ መስታወት ተጠቀሙ። አይናችሁ ያላየውን ስንጥር ጣታችሁ ያገኘዋል። የደረቀውን ተረከዝ በእግር መፈተጊያ ድንጋይ በስሱ ፈትጉት፤ ሙልጭ አታድርጉት፣ ያ ቆዳ ያስፈልጋችኋል። በምላጭ በፍጹም አትንኩት። ከዚያ ቫዝሊን ወይም ወፍራም ቅባት ቀቡና ካልሲ አድርጋችሁ ተኙ። በጣቶቻችሁ መሃል ግን ቅባት አታድርጉ።

ጫማ ስትገዙ

በባዶ እግር መሄድ የጀመረ ሰው የድሮ ጫማው እየጠበበው ይመጣል፤ ጣቶቹ መዘርጋት ለምደዋልና። ለምታደርጉበት ቀን የሚሆን ጫማ እንዲህ ምረጡ። ማታ ላይ፣ እግራችሁ ሲውል ትንሽ ስለሚያብጥ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ቁሙና ዙሪያውን በእርሳስ ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ አስምሩ። ጫማውን መስመሩ ላይ አስቀምጡት። መስመሩ በጣቶቹ በኩል ከጫማው ወጥቶ ከታያችሁ ያ ጫማ ጣቶቻችሁን ያጣብቃል፣ ቁጥሩ ትክክል ነው ቢሏችሁም። ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ የሚታጠፍ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ያለው ፈልጉ። ሁለቱንም እግር ለኩ። ብዙ ሰው ላይ አንዱ ከሌላው ይተልቃል፤ በትልቁ ግዙ።